አሮጌውን ማደስ፣ ተራ ዊንዶውስ 11 ወይስ የኤአይ ላፕቶፕ? የገዢ ንጽጽር

የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው ጭምር) እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተር ለመቀየር በቂ ምክንያት የሚሆነው ይህ ነው፤ በካርቶኑ ላይ በደማቁ የሚለጠፈው "ኤአይ" ለአብዛኛው ገዢ ገና እዚያ አልደረሰም። ቻትጂፒቲም ሆነ ጀሚናይ የሚሠሩት በባለቤቶቻቸው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ከእርስዎ ማሽን የሚፈለገው ብራውዘርና ኢንተርኔት ብቻ ነው። ስለዚህ የኤአይ ላፕቶፕ ስላልገዙ እነዚህ አይቀሩብዎትም።

ያለውን ማደስ

ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቺፕ)፣ ሴኪዩር ቡት የሚችል ዩኢኤፍአይ (ማሽኑን የሚያስነሳው አዲሱ ዘዴ) እና ማይክሮሶፍት በዝርዝሩ ያካተተው ፕሮሰሰር ነው። ብዙ ማሽን የሚወድቀው በመጨረሻው ነው። በኢንቴል ኮር በኩል በጥቅሉ ከ8ኛው ትውልድ ጀምሮ ያለው ያልፋል፦ አይ5-8250 ይገባል፣ አይ5-7200 አይገባም። በኤኤምዲ በኩል የራይዘን 2000 ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ያልፋሉ፤ ራይዘን 5 2500ዩ ያለበት ላፕቶፕ ግን ቁጥሩ በ2 ቢጀምርም ይወድቃል። በግምት ከመሄድ የማይክሮሶፍትን ፒሲ ሄልዝ ቼክ ጭኖ ማየት ይሻላል፤ ነፃ ነው፣ የጎደለውንም በስሙ ይነግርዎታል።

"ቲፒኤም አልተገኘም" ካለዎት ማሽኑን ለመሸጥ አይቸኩሉ። ብዙ ጊዜ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ተዘግቶ ነው፤ በኢንቴል ማዘርቦርድ ፒቲቲ (PTT)፣ በኤኤምዲ ኤፍቲፒኤም (fTPM) በሚል ስም ይፈልጉት። ባዮሱን ከመንካትዎ በፊት ግን ቢትሎከር (ዲስኩን በቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) በርቶ እንደሆነ ይዩ። በርቶ ከሆነ ባለ 48 አሃዙን የመክፈቻ ቁልፍ ሌላ ቦታ ይጻፉና ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙት። ይህን ካላደረጉ ማሽኑ ሲነሳ ቁልፉን ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉም የለም።

ሁለተኛው ወጥመድ የዲስኩ አከፋፈል ነው። በኤምቢአር (በአሮጌው አከፋፈል) የተከፋፈለ ዲስክ ይዘው ባዮሱን ከሊጋሲ (ከአሮጌው ማስነሻ) ወደ ዩኢኤፍአይ ብቻ ቢቀይሩት ዊንዶውሱ አይነሳም። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ፋይልዎን በውጭ ዲስክ ይገልብጡ፣ ከዊንዶውስ 10 ጋር በሚመጣው ኤምቢአር-ቱ-ጂፒቲ (mbr2gpt) በሚባለው መሣሪያ ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል ወደ ጂፒቲ ይቀይሩ፣ ባዮሱን የሚነኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ማሽኑ ካለፈና አሁንም በሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ፣ ወደ ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የማከማቻ ዓይነት) መቀየሩ ከየትኛውም አዲስ የኤአይ አገልግሎት በላይ ይሰማዎታል። ቀጥሎ ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ነው፤ ዲዲአር4 ይሁን ዲዲአር5 አስቀድመው ይለዩ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም።

ፕሮሰሰሩ ከወደቀ ደግሞ ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማሻሻያ አለ። እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ተብሎ የወጣ ስለሆነ ጊዜ መግዣ ነው እንጂ መፍትሔ አይደለም። ለብራውዘርና ለጽሑፍ ሥራ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) ይበቃል። ፍተሻውን አታልሎ ዊንዶውስ 11 መጫንም ይቻላል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለ ማሽን የአፕዴት ዋስትና አይሰጥም፣ ስለዚህ ለሥራ ኮምፒውተር አንመክረውም።

ተራ ላፕቶፕ ከኮፓይለት ፕላስ ጋር

ግራ የሚያጋባው እዚህ ነው። "ኤአይ ፒሲ" የማስታወቂያ ስም ነው፤ "ኮፓይለት ፕላስ ፒሲ" ግን የማይክሮሶፍት መስፈርት አለው፦ በሴኮንድ ከ40 ትሪሊዮን በላይ ስሌት (40 ቶፕስ) የሚሠራ ኤንፒዩ (ለኤአይ ሥራ የተለየ ቺፕ)፣ 16 ጊጋባይት ራም፣ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ። ስናፕድራገን ኤክስ፣ ራይዘን ኤአይ 300 እና ኮር አልትራ 200ቪ ያሟላሉ። የመጀመሪያው ኮር አልትራ ኤንፒዩ ቢኖረውም 11 ቶፕስ ገደማ ስለሆነ አይደርስም። ኮር አልትራ 200ኤችም እንዲሁ፤ መጨረሻው ላይ ያለችው አንዲት ፊደል ትለያለች። አንዳንድ ማስታወቂያ የፕሮሰሰሩን፣ የግራፊክሱንና የኤንፒዩውን ቶፕስ ደምሮ ስለሚጽፍ የኤንፒዩውን ብቻ ለይተው ይጠይቁ።

በምላሹ ምን ያገኛሉ? ሪኮል በስክሪንዎ ያለፈውን እየቀረጸ በኋላ ፈልገው እንዲያገኙት ያደርጋል፤ እርስዎ ካልፈቀዱ አይበራም፣ 50 ጊጋባይት ነፃ ቦታም ይፈልጋል። የተዘጋጀላቸው ቋንቋዎች እንግሊዝኛ፣ ቻይንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ጀርመንኛ፣ ጃፓንኛና ስፓኒሽ ናቸው። ከዚያ ሌላ ንግግርን በጽሑፍ የሚተረጉም ካፕሽን፣ የቪዲዮ ስብሰባ ማሳመሪያና በፔይንት ሥዕል መሥሪያ አለ። ለዚህ ብቻ ደህና ማሽን መጣል አያስኬድም።

የቋንቋ ሞዴል (እንደ ቻትጂፒቲ ያለውን) በራሳቸው ማሽን ማስኬድ የሚፈልጉ ሰዎችም ቢሆኑ ኤንፒዩ ላይ አይቸኩሉ። ባለ 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ሞዴል በ4 ቢት ተጨምቆ 5 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ሞዴል ለማስኬድ የተለመዱት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ የሚጠቀሙት ግራፊክስ ካርዱን ነው። 8 ጊጋባይት ቪራም (የግራፊክስ ካርዱ የራሱ ራም) ያለው ተራ ላፕቶፕ ለዚህ ሥራ ይመረጣል።

ኮፓይለት ፕላስ የሚያዋጣው አዲስ ላፕቶፕ መግዛትዎ ካልቀረ ነው፤ 16 ጊጋባይት ራም የግድ መሆኑ ራሱ ጥቅም ነው። የስናፕድራገኖቹም ባትሪ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ጉድለታቸው ከኢንቴልና ከኤኤምዲ የተለየ የአርም ፕሮሰሰር መሆናቸው ነው፦ ፕሪዝም የሚባለው የዊንዶውስ አስመሳይ ለኢንቴልና ለኤኤምዲ የተሠሩ የተለመዱ ፕሮግራሞችን ቢያስኬድም ድራይቨርን (ዕቃውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም) አያስኬድም። አሮጌ ፕሪንተር፣ ስካነር፣ የመሥሪያ ቤት ቪፒኤን ወይም ፀረ-ማጭበርበሪያ ያለበት ጌም ካለዎት የአርም64 ድራይቨር መኖሩን ከአምራቹ ገጽ ሳያረጋግጡ አይክፈሉ። በኮር አልትራ 200ቪ ደግሞ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የታሸገ ነው፤ 16 ወይም 32 ብለው የሚመርጡት በግዢው ቀን ብቻ ነው።

ማክ ለሚያስቡ፦ የአፕል ኤአይ የሆነው አፕል ኢንተለጀንስ ከኤም1 ቺፕ (2020) ጀምሮ ባሉት ሁሉ ይሠራል፤ ኢንቴል ማኮች ግን የመጨረሻ ስሪታቸው ማክኦኤስ 26 ስለሆነ ያገለገለ ኢንቴል ማክ በርካሽ ቢቀርብም ይለፉት።

ዊንዶውስ ማሽን ላይ እጅዎ ከደረሰ ታስክ ማናጀርን ከፍተው ፐርፎርማንስ የሚለውን ይጫኑ። ኤንፒዩ በዝርዝሩ ከሌለ ወይ ድራይቨሩ አልተጫነም፣ ወይ ማሽኑ ኤንፒዩ የለውም፤ ካለም የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ከነፊደሉ ጽፈው ከላይ ካሉት ጋር ያስተያዩ።