ከልጆች ጋር፦ ሮም ወይስ ፕራግ?

በታሪክ ብዛት ሮምን የሚያህል የለም። ጥንታዊው ስታዲየም ኮሎሲየም እ.ኤ.አ. በ80 ተመርቆ ዛሬም ቆሟል። ከ18 ዓመት በታች ላሉ ልጆች የመግቢያ ክፍያ የለም። መንገድ ዳር ካሉት የብረት ቧንቧዎች የሚጠጣ ቀዝቃዛ ውሃ ይፈሳል። አፉን በጣት ሲደፍኑት ከላይ ባለው ቀዳዳ ሽቅብ ይፈናጠራል፤ ልጆች ከፍርስራሹ ሁሉ ይህን ይወዱታል። የሐምሌ ፀሐይ ግን አናት ይበሳል። ሰልፉንማ አያድርስ ነው።

ፕራግ ቀለል ትላለች፤ አሮጌው ከተማ በእግር ይዳረሳል። በ1357 ግንባታው የተጀመረው የካርል ድልድይ መኪና ስለማያልፍበት ልጅ ለቀቅ ማድረግ ይቻላል። በ1410 የተሠራው የአደባባዩ ሰዓት የሐዋርያትን ምስል በመስኮት ብቅ ያደርጋል። እውነት ለመናገር፣ ትርኢቱ ሳይጀመር ያልቃል።

ልጆቹ ከፍ ካሉ ሮም፣ ያውም በሚያዝያ። ትንንሾች ከሆኑ ፕራግ ትሻላለች። ንጣፉ ድንጋይ ስለሆነ ጋሪውን ትታችሁ ማዘያ ያዙ።