የጓሮ ዶሮ ውሃ መጠጫ፦ ተገልባጩ፣ ኒፕሉ ወይስ ኩባያው?

ከ5 እስከ 15 እንቁላል ጣይ ዶሮ ለሚያረባ ሰው ገንዘቡን የሚያወጣው መጠጫ ከባልዲ ጎን ላይ የሚገጠመው ኒፕል፣ ማለትም ዶሮዋ በምንቃሯ ስትነካው ውሃ የሚለቅ ትንሽ መክፈቻ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ባልዲው በትክክል ሲበሳ፣ ከፍታው ከዶሮዎቹ ቁመት ጋር ሲመጣጠንና ኒፕሎቹ በየቀኑ ሲፈተሹ ነው። ይህ ካልተደረገ ከሦስቱ አደገኛው እሱ ይሆናል። ተገልባጩ መጠጫ ባዶ ሲሆን ከሩቅ ያስታውቃል፤ የተደፈነ ኒፕል ግን ባልዲው ጢም ብሎ ሞልቶ እያለ ዶሮዎቹን ያስጠማል።

አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በመጠነኛ አየር በቀን ሩብ ሊትር ያህል ትጠጣለች፤ ይህም ከምትበላው መኖ በክብደት እጥፍ ገደማ ነው። ሙቀት ሲበረታ ይህም ራሱ በእጥፍ ይጨምራል። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሰውነቷን የምታቀዘቅዘው በማለክለክ ስለሆነ ብዙ ውሃ በትንፋሿ ይወጣል። ከእንቁላሉም ሦስት አራተኛው ያህል ውሃ ነው። አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ያጣች ዶሮ ምርቷ ለሳምንታት ሊወርድ ይችላል። እንቁላል በድንገት ሲቀንስ መኖ ለመቀየር ከመቸኮል በፊት መጠጫውን መፈተሽ የሚገባው ለዚህ ነው።

በብዙ ጓሮ የሚገኘው ተገልባጩ መጠጫ ነው፦ ውሃው በላይኛው ዕቃ ይሞላና ሳህኑ ተገጥሞበት ይገለበጣል። ሳህኑ ውስጥ ያለው ውሃ የመውጫዋን ቀዳዳ ሲሸፍን አየር መግባት ስለማይችል ፍሰቱ ይቆማል። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። የላይኛው ዕቃ ቀጭን ስንጥቅ ካለው ወይም ማሸጊያ ጎማው ካረጀ አየር ሾልኮ ይገባል፣ ውሃውም ሳይቆም ወጥቶ ጉዝጓዙን ያጥለቀልቃል። መሬቱ ዘመም ካለም በዝቅተኛው በኩል ይፈሳል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ዶሮዎች ሲጭሩ ሰጋቱራውና ኩሱ ሳህኑ ውስጥ መግባቱ ነው። የኮክሲዲዮሲስ (የዶሮ አንጀት በሽታ) ተውሳክ በኩስ ሲወጣ ገና በሽታ አያስይዝም፤ እርጥበት፣ ሙቀትና አየር ሲያገኝ ግን በ1 ወይም በ2 ቀን ለማስያዝ ይበቃል። መጠጫው ዙሪያ ያለው እርጥብ ጉዝጓዝ እነዚህን ሁሉ ይሰጠዋል፤ የአሞኒያ ሽታውም የሚጀምረው ከዚያው ነው። ይህን መጠጫ የምትጠቀሙ ከሆነ የሳህኑ ጠርዝ ከዶሮዋ ጀርባ እኩል እንዲሆን በጡብ ላይ አስቀምጡት፣ ውሃውንም በየቀኑ ድፉት። ጡቡ ውሃ ልክ መሆን አለበት።

ኒፕል ሁለት ዓይነት አለው። ከባልዲው ሥር ወደ ታች የሚንጠለጠለውን ዶሮዋ ቀና ብላ ከታች ወደ ላይ ትነካዋለች። ባልዲው ዝቅ ብሎ ከተሰቀለ ግን ጎንበስ ብላ ከጎን ስለምትገፋው ብዙ ውሃ መሬት ላይ ይቀራል። በጎን የሚገጠመው የሚያንጠባጥበው ከዚህ በጣም ያነሰ ነው፤ ባልዲውም መሰቀል አያስፈልገውም፣ ጠንካራ ነገር ላይ ቢቀመጥ ይበቃዋል። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ስለሆነ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ባልዲ ስትመርጡ ብርሃን የማያሳልፍና ወፍራም ግድግዳ ያለው ይሁን። ብርሃን የሚያሳልፍ ባልዲ ውስጥ አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። ቀጭን ባልዲ ደግሞ ሲሞላ ስለሚወጠር ኒፕሉ ዙሪያ ያፈሳል። ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ዕቃ ከተገኘ ከክቡ ይሻላል፤ ማሸጊያው ጎማ ሙሉ በሙሉ ይተኛበታልና። ቀዳዳው ከኒፕሉ ጥርስ ውጫዊ ስፋት ትንሽ መጥበብ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን የገዛችሁትን ለክታችሁ ብሱ። ቀዳዳውን ከወለሉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ከታች የሚዘቅጠው አሸዋ ኒፕሉ ውስጥ እንዳይገባ። ከተበሳ በኋላ ፍርፋሪውን በቢላ ጠርጉ፣ ጥርሱ ላይ ነጩን የቧንቧ ቴፕ ጠቅልሉ፣ በእጅ አጥብቁ። በመፍቻ ከመጠን በላይ ከጠበቀ የፕላስቲኩ ጥርስ ይላጣል። ባልዲውን ሞልታችሁ ደረቅ ካርቶን ላይ አሳድሩት፤ ጠዋት ካርቶኑ ከረጠበ እንደገና ይገጠማል።

ብዙ ሰው የሚስተው የክዳኑን ቀዳዳ ነው። ክዳኑ ድፍን ከሆነ ውሃው በወጣ ቁጥር የውስጡ የአየር ግፊት እያነሰ ይሄድና ፍሰቱ ይቆማል። ክዳኑ ጠርዝ ላይ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የምትሆን ቀዳዳ ችግሩን ትጨርሰዋለች። ሁለተኛው ስህተት ኒፕሉን ከቧንቧ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ነው። እነዚህ ኒፕሎች የተሠሩት ለዝቅተኛ ግፊት ነው፤ የመስመር ውሃ ሲገባባቸው ወይ ያንጠባጥባሉ፣ ወይ ዶሮዋ ገፍታ ልትከፍታቸው አትችልም። በመካከል ተንሳፋፊ ያለው ትንሽ ታንከር ወይም ግፊት መቀነሻ የግድ ነው።

በጎን የሚገጠመው ኒፕል በዶሮዋ ዓይን ቁመት አካባቢ ይሁን። ለ3 ወይም ለ4 ዶሮ አንድ ኒፕል ይበቃል፤ መንጋው ምንም ያህል ትንሽ ቢሆን ግን ከሁለት ማነስ የለበትም። አንዱ ቢደፈን ሌላው አለ፣ ጉልበተኛዋ ዶሮም ሁለቱን በአንድ ጊዜ ልትከለክል አትችልም።

የለመዱትን መጠጫ በአንድ ቀን አትንጠቋቸው። ሁለቱን ለጥቂት ቀናት ጎን ለጎን አቆዩ፣ ኒፕሉን በጣት እየነካችሁ ጠብታ አሳዩአቸው። አሮጌውን ከማንሳታችሁ በፊት እያንዳንዷ ዶሮ ስትጠጣ ዓይታችሁ አረጋግጡ፤ አንዷ ስለጠጣች ሁሉም ተምረዋል ማለት አይደለም። ቄቦች በፍጥነት ይለምዳሉ፣ ያረጁት ይዘገያሉ።

የዕለቱ ሥራ አጭር ነው፦ እያንዳንዱን ኒፕል በጣት ነክቶ ፍሰቱን ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር። ለ10 ዶሮ 20 ሊትር በሂሳብ ከ4 እስከ 8 ቀን ቢደርስም ውሃው ከ2 ወይም ከ3 ቀን በላይ አይቆይ። ባልዲውንም ጥላ ሥር አድርጉት፤ ውሃው ሲሞቅ ዶሮ አብዝታ መጠጣት በሚገባት ሰዓት ትቀንሳለች። በሚበርድበት አካባቢ ደግሞ መጀመሪያ የሚቀዘቅዘው የኒፕሉ ብረት ነው፤ ባልዲው ሳይረጋ እሱ ሊረጋ ይችላል።

ቫይታሚንና ስኳርነት ያላቸው ዱቄቶች ኒፕል ውስጥ የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ይፈጥራሉ። በውሃ የሚሰጥ መድኃኒት ሲታዘዝ ለዚያ ጊዜ ወደ ተገልባጩ መመለስ ይሻላል፤ ምን ያህል እንደተጠጣም በግልጽ ይታያል። ነጭ የኖራ ቅርፊት ከያዘ ኒፕሉ ተፈትቶ ኮምጣጤ ውስጥ ይዘፍዘፍ። በረኪና ለባልዲው ጥሩ ነው፣ ግን ከኮምጣጤ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። የዚንክ ቅብ ቆርቆሮ መጠጫ ውስጥም ኮምጣጤ አይገባም፣ ቅቡን ይበላዋል።

ኩባያው፣ ማለትም ውሃ የሚጠራቀምበት ተንሳፋፊ ያለው ትንሽ መጠጫ፣ ከሁለቱ በመካከል ያለ ነው። ውሃው ስለሚታይ ዶሮ ሳትማር ትጠጣበታለች፤ ትልቁ ብልጫው ይኸው ነው። ነገር ግን መኖና ኩስ ይጠራቀምበታል፣ ተንሳፋፊው ሥር አንድ የአሸዋ ቅንጣት ከገባም ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ያድራል። በየ2 ቀኑ የሚወለውል ሰው ካለ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ከሌለ አንመክረውም።

ገና ለተፈለፈሉ ጫጩቶች ትንሹን ተገልባጭ ግዙ፣ እንዳይሰምጡም ሳህኑ ላይ ንጹሕ ጠጠር ደርድሩበት። ከዶሮዎቹ ጋር ዳክዬ የሚያረባ ሰው ኒፕል ብቻ አያስቀምጥ፤ ዳክዬ አፍንጫዋን የምታጥበው ምንቃሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ስለሆነ ጠለቅ ያለ ዕቃ ያስፈልጋታል።