ጠንካራ አለት ታነል ውስጥ ለምን ይላጣል? የወሰድኩት ኦንላይን ኮርስ ሪቪው

ጥልቅ ቁፋሮ ዙሪያ ያለ አለት በስትረስ (አለቱን በሚጨምቀው የውስጥ ግፊት) እንዴት እንደሚሰባበር የሚያስተምረውን ኮርስ ጨርሼዋለሁ፣ ማይኒንግ ወይ ታነል ላይ ለምትሰሩ ሁሉ ከልቤ ነው የምመክረው፣ በተለይ "ግራናይት ከሆነ ስጋት የለም" ሲባል ሰምታችሁ ላመናችሁ።

አሪፉ ክፍል ካናዳ ማኒቶባ ውስጥ 420 ሜትር ጥልቀት ላይ ስለተቆፈረው የሙከራ ታነል ያለው ነው። ክብ ነው፣ ዲያሜትሩ 3.5 ሜትር፣ ደግሞ ያለ ፈንጂ ነው የቆፈሩት፣ ስለዚህ የደረሰውን ጉዳት በፍንዳታ ማሳበብ አይቻልም። እዛ ቦታ ትልቁ ስትረስ 60 ሜጋ ፓስካል አካባቢ ነው ትንሹ 11 ገደማ፣ አስተማሪው ኪርሽ የሚባል መሐንዲስ ክብ ቀዳዳ ዙሪያ ያለ ስትረስን ለማስላት በ1898 ያወጣውን ቀመር ያነሳና የትልቁን ሦስት እጥፍ ውሰዱ ትንሹን ቀንሱ ይላል፣ 169 ይመጣል፣ ታነሉ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ከፍተኛው ስትረስ ማለት ነው። አለቱ ላብ ውስጥ ሲጨመቅ ግን የሚሰበረው ከ200 በላይ ላይ ነው! በሂሳቡ ከሄድን ታነሉ ምንም መሆን አልነበረበትም፣ ጣሪያውና ወለሉ ግን እየተላጠ የቪ ቅርጽ ይዞ ተቦረቦረ፣ መላጥ የጀመረውም ገና ስትረሱ 120 አካባቢ ሲደርስ ነው።

ምክንያቱን ያስረዳበት መንገድ በጣም ነው የተመቸኝ። ጭነቱ ሲጨምር ጥቃቅን ስንጥቆች ይከፈቱና ከትልቁ ጭነት ጋር ትይዩ ሆነው ያድጋሉ፣ ግድግዳው ጋ ከጎን የሚይዛቸው ነገር ስለሌለ ዝም ብለው ይረዝማሉ፣ አለቱም እንደ ሽንኩርት በስስ በስሱ ይነሳል። ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል ግን የጎን ግፊቱ ስንጥቁን አፍኖ ያቆመዋል። የላብ ናሙና እና ታነል ግድግዳ አንድ አይደሉም የሚለው ነገር እዚህ ጋ ነው ቁልጭ ብሎ የገባኝ፣ ወለሉ ላይ የተኛው ፍርስራሽ እንኳን በክብደቱ ብቻ መላጡን ይገታዋል፣ እስቲ አስቡት።

ድክመት አለው። ስለ ሰፖርት (አለቱ እንዳይወድቅ ስለሚደገፍበት ዘዴ) ያለው ክፍል አጭር ነው፣ ሮክ በርስት (አለት በድንገት ፈንድቶ መወርወሩ) በሚያሰጋበት ቦታ ተራ ቦልት (አለቱን የሚይዝ የብረት ዘንግ) ስለሚበጠስ ኃይል እየዋጠ የሚሳብ ቦልት ለምን እንደሚያስፈልግ ነካ አድርጎት ነው ያለፈው፣ እኔ ደግሞ ሰው የሚያድነው እሱ ስለሆነ ሰፊ ጊዜ ይሰጠው ነበር የምለው። ደግሞ ሙሉ ትምህርቱ ስንጥቅ የሌለበት ድፍን አለት ላይ ነው፣ እናንተ ጋ አለቱ በተፈጥሮው የተቆራረጠ ከሆነ ብሎክ ተንሸራቶ መውደቁ ነው ዋናው አደጋ፣ ይሄን ሂሳብ እንዳለ ወስዳችሁ እንዳትጠቀሙበት።

የምትመዘገቡ ካላችሁ ሞር ሰርክል (ስትረስን በክብ ስዕል የማስያ ዘዴ) አስቀድማችሁ ከልሱ፣ ምንም ሳያብራራ ነው በቀጥታ የሚጠቀምበት።