የስልክ ማክሮ ሌንሴና የእንጀራ ዓይን
መርካቶ ከአንዲት ትንሽ ሱቅ የገዛኋት፣ እንደ ልብስ መቆንጠጫ ስልክ ላይ የምትያዝ፣ ትንንሽ ነገሮችን ከቅርብ አጉልታ የምታነሳ ማክሮ ሌንስ ናት። በጣም ወደድኳት! መጀመሪያ ያነሳሁት እንጀራ ነው፤ ዕድሜ ልኬን የበላሁት እንጀራ፣ ግን አንዱ ዓይን ከሌላው እንደማይመሳሰል፣ ጠርዙ ላይም ስስ ሽፋን ተቀዶ እንደሚቀር አንድም ቀን ልብ ብዬ አላውቅም። ቀጥሎ ነጠላዬ። ድርና ማጉ ክር በክር ይቆጠራል። የተቆላ ቡና ስንጥቅ ውስጥ የቀረችውን ገለባ እንኳን ታሳያለች።

ችግሯ፣ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ድረስ መጠጋት ስላለባችሁ የስልኩ ጥላ ያጠላል፣ እጅ ትንሽ ከተንቀጠቀጠም ፎቶው ተበላሸ ማለት ነው። ዳር ዳሩም ይደበዝዛል። እኔ ጠዋት መስኮት ስር፣ ክርኔን ጠረጴዛ ላይ አስደግፌ ነው የማነሳው። አሁን ሌንሷን ባልይዝም ቡና ስጠጣ ዓይኔ ሲኒው ላይ ያሉትን ጫፍ ጫፍ ስንጥቆች ይፈልጋል።