ካርኖሲን፣ አንሰሪን ወይስ ቤታ አላኒን? ለጡንቻ የትኛው ይገዛ?

ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ዕቃ አለ። አንደኛው ላይ በደማቁ «ካርኖሲን 500 ሚሊግራም» ተጽፏል፤ ከሥሩ ደግሞ «የጡንቻ አንቲኦክሲዳንት» ይላል። ሁለተኛው ተራ ነጭ ዱቄት ነው። «ቤታ አላኒን» ከማለት ሌላ ምንም የሚያጓጓ ነገር አልተጻፈበትም። ጡንቻችሁ ውስጥ ካርኖሲን እንዲበዛ ከፈለጋችሁ የሚገዛው ሁለተኛው ነው። አዎ፣ ካርኖሲን የሚለው አይደለም።

ካርኖሲን ዳይፔፕታይድ ነው፤ ቤታ አላኒንና ሂስቲዲን የሚባሉ ሁለት አሚኖ አሲዶች (ፕሮቲን ከሚሠራባቸው ዓይነት ጥቃቅን ነገሮች) ተያይዘው ይሠሩታል። እ.ኤ.አ. በ1900 ሩሲያዊው ኬሚስት ቭላድሚር ጉሌቪች ከሥጋ ጭማቂ ለይቶ ያወጣው ነው። ስሙም ሥጋ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ጡንቻ ውስጥ ሥራው ብዙ ነው። ሴል የሚጎዱ ንቁ የኦክሲጅን ዓይነቶችን ያበርዳል። እንደ መዳብ ያሉ ብረቶችን ይዞ ጉዳት እንዳያባብሱ ያደርጋል። ቅባት ሲበላሽ የሚተርፉትን ጎጂ ቅሪቶችም ይለቅማል።

ሻጮች «አንቲኦክሲዳንት»፣ ማለትም ሴልን ከእንዲህ ያለ ጉዳት የሚከላከል፣ እያሉ የሚያስጮኹት ይህንኑ ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ ቆጠብ እላለሁ። ከአንቲኦክሲዳንት ወሬው ብዙው የመጣው ከላቦራቶሪ ብልቃጥና ከእንስሳት ነው። በሰው ላይ ደህና ማስረጃ ያለው ሌላው ሥራው ነው፦ አሲድ ማለዘብ። ያለ የሌለ ኃይላችሁን አውጥታችሁ ስትሮጡ የጡንቻው ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ7.1 አካባቢ ወደ 6.5 ገደማ ሊወርድ ይችላል። ካርኖሲን አሲዱን በደንብ የሚይዘው 6.8 አካባቢ ሲሆን ነው። ልክ በሚፈለግበት ቦታ ማለት ነው።

ታዲያ ራሱን ካርኖሲንን ብንውጠው ምን ችግር አለው? ችግሩ ደም ውስጥ ነው። የሰው ደም ካርኖሲኔዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፤ ካርኖሲን ሲያገኝ ቶሎ ለሁለት ይቆርጠዋል። አይጥ ደም ውስጥ ይህ ኢንዛይም የለም። ስለዚህ «በአይጦች ላይ ተረጋግጧል» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት። ጡንቻም ቢሆን ካርኖሲኑን የሚሠራው እዚያው ራሱ ነው። ሂስቲዲን አያጥረውም፤ የሚያጥረው ቤታ አላኒን ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። ከካርኖሲን ክብደት ቤታ አላኒን የሚሆነው 39 በመቶ ገደማ ነው። ያ ባለ 500 ሚሊግራም እንክብል ሙሉ በሙሉ ቢፈጭላችሁ እንኳ የሚሰጣችሁ 200 ሚሊግራም ያህል ነው። ጥናቶች ላይ በተለምዶ ከሚሰጠው የቀን መጠን ዝቅ ያለው፣ 3.2 ግራም ላይ ለመድረስ 16 እንክብል መዋጥ ሊኖርባችሁ ነው። በየቀኑ! ዱቄቱ ላይ ግን ይህ አንድ ትንሽ ማንኪያ ያህል ነው፤ ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ይረክሳል።

ዱቄቱም የራሱ ጣጣ አለው። መጀመሪያ የወሰድኩ ቀን ሙሉውን መጠን በአንዴ ጠጣሁት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮዬንና አንገቴን ጉንዳን የወረረኝ መሰለኝ። መስታወት ፊት ቆሜ ሽፍታ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ቤታ አላኒን ቆዳ ላይ ያሉ ነርቮችን ይቀሰቅሳል። በአንድ ሰዓት ወይም ትንሽ ቆይቶ ያልፋል፤ ጉዳት እንዳለውም አልታየም። የማትወዱት ከሆነ መጠኑን ከፋፍላችሁ በየጥቂት ሰዓቱ ውሰዱት፣ ወይም ቀስ እያለ የሚለቀውን እንክብል ግዙ። አንዳንዱ ግን ሲወርረው «አሁን ሠራ!» ይላል። አልሠራም። መውረሩና የጡንቻው ካርኖሲን አይገናኙም።

የሚሠራው በሳምንታት ነው። በቀን ከ4 እስከ 6 ግራም ለአራት ሳምንት የወሰደ ሰው የጡንቻው ካርኖሲን በ40 በመቶና ከዚያም በላይ ሊጨምር ይችላል፤ አሥር ሳምንት ከቀጠለ ወደ 80 በመቶ ይጠጋል። ስታቆሙትም የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው። ከስፖርት በፊት ይወሰድ በኋላ ለውጥ የለውም። ጥቅሙ የሚታየው ከአንድ እስከ አራት ደቂቃ በሚፈጅ ከባድ ጥረት ላይ ነው፤ 800 ሜትር ሩጫ፣ 200 ሜትር ዋና። እዚያም ላይ ቢሆን ትንሽ ነው። አንዴ ከባድ ብረት ለሚያነሳ ወይም ለጤናው ብሎ ለሚራመድ ሰው አልመክረውም።

አንሰሪን የካርኖሲን የቅርብ ዘመድ ነው። ስሙ ከዝይ የመጣ ሲሆን በዶሮ፣ በቱናና በሳልመን ሥጋ ውስጥ በብዛት ይገኛል። ካርኖሲኔዝ እሱን ለመቁረጥ ስለሚዘገይ ደም ውስጥ ከካርኖሲን የተሻለ ይቆያል። ይህ እውነተኛ ብልጫ ነው። የሰው ጡንቻ ግን የሚያከማቸው አንሰሪንን አይደለም፤ ለጡንቻ ብሎ እሱን መግዛት አይታየኝም።

«ዚንክ ካርኖሲን» የሚል ካያችሁ ደግሞ እሱ የጨጓራ ጉዳይ ነው፤ ከዚህ ወሬ አትደባልቁት።

ሥጋ የሚበላ ሰው ከምግቡም ያገኛል፤ ሥጋ የማይበሉ ሰዎች ጡንቻ ላይ ካርኖሲኑ አነስ ይላል። ስለዚህ ሥጋ የማትበሉ ከሆነ ለዱቄቱ ከሌላው የተሻለ ምክንያት አላችሁ። ሥጋ ስትቀቅሉ ግን መረቁን አትድፉት፤ ካርኖሲን ውኃ ውስጥ ስለሚሟሟ ከፊሉ እዚያ ይቀራል።

ስትገዙ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ። አንዳንድ የፕሪ ወርክአውት (ከስፖርት በፊት የሚጠጡ) ቅልቅሎች የሁሉንም ድምር ብቻ ጽፈው የቤታ አላኒኑን ግራም ይደብቃሉ፤ እንዲህ ያለውን መልሱት። ውድድር ላይ የምትሳተፉ ከሆነ ቤታ አላኒን ራሱ የተከለከለ አይደለም፤ ዱቄቱ ውስጥ ሳይታሰብ የሚገባ ሌላ ነገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። በገለልተኛ ወገን የተመረመረ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ፈልጉ። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ዕቃው ውስጥ ያለውን ማንኪያም አትመኑት፤ የኔው «3 ግራም» ይላል፣ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 4 ይጠጋል። ያን ቀን ጉንዳኑ ለምን እንደወረረኝ የገባኝ ያኔ ነው።