ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽና ኤችዲ ሪሲቨር በደብረ ብርሃን፦ ክረምቱንና ውርጩን ካሳለፈ በኋላ

የምገመግመው ዕቃ በሰሜን ሸዋ ከተሞች በየሱቁ የሚሸጠው የተለመደ ስብስብ ነው፦ ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ኦፍሴት ዲሽ፣ ዩኒቨርሳል ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ሆኖ ሞገዱን የሚቀበለው ክፍል)፣ ኤችዲ ሪሲቨርና 20 ሜትር ያህል ኬብል። ደብረ ብርሃን ላይ የተተከለው ለኢትዮሳት፣ ማለትም በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ላለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ነው። የበጋውን ፀሐይ፣ የሐምሌና የነሐሴን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ፣ የኅዳርንና የታኅሣሥን ውርጭ አይቷል። ሪሲቨሩ ለዋጋው ጥሩ ነው፤ ኤልኤንቢውም ደህና ነው። ዲሹን የሚይዘው ብረትና አብሮ የሚሰጠው ኬብል ግን ለዚህ አገር አየር አይበቁም። ምስል ሲቆራረጥ ሰው ሁሉ ሪሲቨሩን ተሸክሞ ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከቤት ውጭ፣ ዲሹና ኬብሉ ላይ ነው ያለው።

ከአቅጣጫው እንጀምር። ከደብረ ብርሃን 57 ዲግሪ ምሥራቅን ለማግኘት ዲሹ ከሰሜን ተነሥቶ እንደ ሰዓት ዘንግ አዟዟር 118 ዲግሪ ላይ፣ ማለትም በምሥራቅና በደቡብ ምሥራቅ መካከል ወደ ደቡብ ምሥራቁ ቀረብ ብሎ ይዞራል። ከፍታው 67 ዲግሪ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ መሐል ሜዳ፣ ከዓለም ከተማም ቢሆን ልዩነቱ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ አይዘልም። የስልክ ኮምፓስ ከቆርቆሮና ከብረት ቱቦ አጠገብ ስለሚሳሳት ጥቂት ሜትር ራቅ ብሎ መለካት ይሻላል። ቱቦው ቀጥ ብሎ መቆሙ በውሃ ልክ ካልተረጋገጠ ዲሹ ላይ የተጻፈው የከፍታ ቁጥር ዋጋ የለውም።

ብዙዎቹ ዲሽ ሠራተኞች የሚያልፉት ደግሞ የኤልኤንቢውን መዞር ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን፣ ሳተላይቱም ከእኛ ርቆ ወደ ምሥራቅ ስላለ፣ ሞገዱ ወደ እኛ የሚደርሰው በጣም አጋድሎ ነው። ለ57 ዲግሪ ኤልኤንቢው 60 ዲግሪ ያህል መዞር አለበት። ከዲሹ ፊት ለፊት፣ ወደ ዲሹ እያዩ ቢቆሙ፣ የኬብሉ መግቢያ በግድግዳ ሰዓት 6 ቁጥር ካለበት ቦታ ተነሥቶ ወደ 8 ቁጥር ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ወደ መሬት ከተተወ በሪሲቨሩ ሜኑ ላይ ስትሬንግዙ (የሲግናል ጥንካሬው) ከፍ ብሎ ይታያል፣ ኳሊቲው (የሲግናል ጥራቱ) ግን ይወርዳል ወይም ጭራሽ ዜሮ ይሆናል፤ አግድሙና ቋሚው ሞገድ ይደባለቃሉና። የመጨረሻውን ማስተካከያ ቁጥሩን እያዩ ነው መጨረስ ያለብዎት፤ በየ5 ዲግሪው ቀስ ብሎ ማዞርና 3 ሰከንድ መጠበቅ፣ ምክንያቱም የሪሲቨሩ መለኪያ ወዲያው አይከተልም። ለመፈለጊያ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ አግድም፣ ሲምቦል ሬት 45000 ያስገቡ። ጣቢያዎች ቦታ ሊቀይሩ ስለሚችሉ ኳሊቲው ከተገኘ በኋላ አንድ ጊዜ ብላይንድ ስካን ማድረግ፣ ማለትም ሪሲቨሩ ጣቢያዎቹን ሁሉ ራሱ እንዲፈልግ ማዘዝ፣ ይጠቅማል።

ስትሬንግዝና ኳሊቲን መለየት ግማሽ መድኃኒት ነው። ስትሬንግዝ ኬብሉና ኤልኤንቢው መገናኘታቸውን ያሳያል፤ ሰማይ ላይ ምንም ሳይያዝም ከፍ ብሎ ሊቆም ይችላል። ምስል የሚሰጠው ኳሊቲው ነው። በዚህ ሪሲቨር ላይ በደረቅ ቀን ከ70 በላይ ካልሆነ ክረምቱን አይሻገርም፤ በሌላ ሞዴል ቁጥሩ ይለያያልና ተክለው እንደጨረሱ የጠራውን ቀን ቁጥር ጽፎ ማስቀመጥ ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኬብሉ ተቆርጧል ወይም ኤልኤንቢው ሞቷል። ስትሬንግዙ ኖሮ ኳሊቲው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ ዲሹ ተነቃንቋል።

መነቃነቁ ነው እዚህ አገር ትልቁ ጠላት። ባለ 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ 1 ዲግሪ ወደ ጎን ቢሄድ የሲግናሉን ግማሽ ያጣል። ውጭው 6 ሴንቲ ሜትር በሆነ ቱቦ ላይ 1 ዲግሪ ማለት ግማሽ ሚሊ ሜትር መንሸራተት ነው! የደብረ ብርሃን ነፋስ ይህን በአንድ ሌሊት ያደርገዋል፤ ወደ ጣርማበር ሲቀርቡማ የባሰ ነው። አብሮ የሚመጣው ዳዶ አንድ ብቻ ስለሆነ በየቡሎኑ ላይ ሁለተኛ ዳዶ ገዝቶ መደራረብ ያስፈልጋል። በቆርቆሮ ጣራ ላይ የተቸነከረ ዲሽ ከጣራው ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ የጭቃ ግድግዳም አይዘውም።

መሬት ላይ መትከል ከሁሉ ይሻላል፤ ግን አፈሩን ይመልከቱ። በደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በእነዋሪና በጅሩ ያለው መረሬ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ይሰነጠቃል። ጥር ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ቱቦ ነሐሴ ላይ ያጋድላል፤ ሰው ግን ዝናቡ ሲግናል ወሰደ ይላል። ጉድጓዱ 40 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ይሁን። ለዚህ ከአንድ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ግማሽ ጥቂት የሚበልጥ፣ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ፣ በ1 ለ2 ለ4 ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ይበቃል። ቱቦው ሲሚንቶው ውስጥ እንዳይዞር ከታች አጭር ብረት አግድም ይበየድበት፤ አናቱም ይደፈን፣ ውሃ ገብቶ ከውስጥ ይበላዋልና።

አብሮ የሚሰጠው ኬብል ውስጡ መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ ሽፋን ሽቦውም ሳሳ ያለ ነው። ጉዳቱ እንዲህ ይመጣል፦ ሪሲቨሩ ኤልኤንቢውን የሚያዘው በቮልቴጅ ነው፤ ለቋሚው ሞገድ 13 ቮልት፣ ለአግድሙ 18 ቮልት ይልካል። ኬብሉ ረጅም ሲሆን ወይም መጋጠሚያው ሲዝግ 18ቱ መንገድ ላይ ይደክማል፤ ኤልኤንቢውም የተላከለት 13 መስሎት ወደ ቋሚው ይዞራል። አግድሞቹ ጣቢያዎች ጠፍተው ቋሚዎቹ ከቀሩ፣ ወይም ማታ ማታ ብቻ ከጠፉ፣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ ሪሲቨሩንና ትንሽ ቲቪ በማራዘሚያ ዲሹ ሥር አውጥተው በ2 ሜትር አዲስ ኬብል ያገናኙ። ኳሊቲው ከተመለሰ ኬብሉ ይጣል፤ ካልተመለሰ ኤልኤንቢው ወይም አቅጣጫው ነው። ኬብል ከመፍታትና ከመግጠም በፊት ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል፤ የመሐል ሽቦው ሽፋኑን ከነካ የሪሲቨሩ የኤልኤንቢ ክፍል ሊቃጠል ይችላል።

መጋጠሚያውን በናስትሮ ብቻ መጠቅለል አያዋጣም። ውርጩ ያደርቀዋል፣ የቀን ፀሐይ ያላቅቀዋል። መጀመሪያ ጎማ መሰሉን ተለጣጭ ቴፕ እየሳቡ መጠቅለል፣ ናስትሮውን ከላይ ማልበስ፤ ከዚያ ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ጠልቆ እንዲወጣ ማድረግ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል።

ናይልሳትንም የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ዲሽ መትከል አለበት፤ እሱ በ7 ዲግሪ ምዕራብ ስላለ በአንድ ዲሽ አይያዝም። አቅጣጫው ወደ ምዕራብ 261 ዲግሪ፣ ከፍታው 36 ዲግሪ ብቻ ነው። ስለዚህ ባሕር ዛፍ ያስቸግረዋል፦ ከዲሹ በላይ 15 ሜትር የወጣ ዛፍ ከ20 ሜትር ያህል ርቀት ውስጥ ካለ ይጋርደዋል። ለ57 ዲግሪ ያው ዛፍ ከ6 ወይም ከ7 ሜትር በላይ ከራቀ ችግር የለውም። ሁለቱን የሚያገናኘው ዳይሴክ ስዊች ቤት ውስጥ ወይም ጣራ ሥር ይቀመጥ፤ ውጭ የተንጠለጠለ ክረምት አያልፍም።

በማይጠገነው ነገር አይድከሙ። ዶፍ ሲወርድ ለጥቂት ደቂቃ መጥፋቱ የሞገዱ ጠባይ ነው፤ ዲሹን በዚያ ሰዓት የነካ ሰው ደህናውን አበላሸ። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ ለተከታታይ ጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ምስል ይጠፋል። ፀሐይ በትክክል ከሳተላይቱ ጀርባ ስለምትቆም ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይመለሳል።

አሁን ወደ ደንበኛ አገልግሎት። የሸጠው ሱቅ ዋስትና ቢሰጥም ሪሲቨሩን «ተውት፣ ይታያል» ብሎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው፤ ይህ ትክክል አይደለም፣ ለገዢው ምክንያቱ ሊነገረው ይገባል። ያለ ማስረጃ የሚሄድ ሰው ግን ለዚህ ራሱን ያጋልጣል። ከሪሲቨሩ ሥር ያለውን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር፣ ሜኑ ውስጥ ያለውን የሶፍትዌር ስሪት፣ የስትሬንግዝና የኳሊቲውን ገጽ በስልክ አንሥቶ ከደረሰኙ ጋር መያዝ፤ ከዚያም እዚያው ሱቅ በሚሠራ ዲሽ ላይ እንዲሞክሩት መጠየቅ ነው። እዚያ ከሠራ ክርክሩ አለቀ፣ ጥፋቱ ቤትዎ ነው። እዚያም ካልሠራ በዋስትናው መሠረት እንዲለውጡት ይጠይቁ። የዋስትና ማኅተሙን አይክፈቱ።

በክፍያ ለሚሠራ ዲኮደር ነገሩ ሌላ ነው። ዲኤስቲቪ የሚመጣው ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ሲሆን፣ ስክሪኑ ላይ ኢ48 ሲጽፍ ሲግናል የለም ማለት ነውና ዲሽ ሠራተኛ ይጠራ። ኢ16 ከጻፈ ግን ዲሹ ደህና ነው፤ ፈቃዱ አልደረሰም። ክፍያው መግባቱን አረጋግጦ፣ ዲኮደሩን በርቶ በተዘጋው ጣቢያ ላይ ትቶ፣ የስማርት ካርድ ቁጥሩን ይዞ ኮዱ እንዲጸዳ መጠየቅ ነው። ዲኮደሩን አጥፍቶ የሚደውል ሰው ትእዛዙ ቢላክለትም አይቀበለውም።

የመብራቱን ነገር ብዙዎች ይረሱታል። ጠፍቶ ሲመጣ የሚወረወረው ኃይል የሪሲቨሩን ፓወር ሰፕላይ ይጎዳል፤ መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ከተመለሰም 5 ደቂቃ መጠበቅ። ነጎድጓድ ከመጀመሩ በፊት የዲሹ ኬብልም ይነቀል። ሶፍትዌር የሚጫነው ደግሞ ለዚያው ሞዴል በተሠራ ፋይል ብቻ ነው፤ ስሙ የሚመሳሰል የሌላ ሞዴል ፋይል ሪሲቨሩን ይገድለዋል። ከመጫኑ በፊት የጣቢያዎቹን ዝርዝር በፍላሽ ያስቀምጡ፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቀንም አይጀምሩት።