ሦስት ጠርሙስ ሳኬ በጎንደር ስኒ

የአክስቴ ልጅ በቅርቡ ከጃፓን ሲመለስ ሳኬ የሚባለውን የጃፓኖች የሩዝ መጠጥ ሁለት ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። እኔም ቀደም ብዬ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ የመጠጥ መደብር የገዛሁትን ሦስተኛ ጠርሙስ አክዬበት፣ አዘዞ በሚገኘው የአክስቴ ቤት ለሦስት ምሽቶች ከቤተሰቡና ከሁለት ጓደኞቼ ጋር እየቀመስን አወዳደርናቸው። ጎንደር ውስጥ ሳኬ የሚሸጥ መደብር እስካሁን አላጋጠመኝም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ከውጭ የሚመጣ ዘመድ «ምን ላምጣልህ?» ብሎ ለሚጠይቀው ወይም አዲስ አበባ ወርዶ ለመግዛት ላሰበ ጀማሪ ነው።

ሳኬ እንደ ውኃ የጠራ በመሆኑ በመጀመሪያ እይታ አረቄ ይመስላል፤ አንዱ ጓደኛዬም በመለኪያ ተቀብሎ በአንድ ትንፋሽ ሊጨልጠው ሲል ነው እጁን የያዝኩት። ነገር ግን ሳኬ እንደ ጠላ ተጠንስሶ፣ ፈልቶና ተጠልሎ የሚጠጣ እንጂ እንደ አረቄ በእሳት የሚወጣ አይደለም። የአልኮል መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 16 በመቶ ስለሆነ ከወይን ጠጅ ጥቂት ቢበልጥም ከአረቄ በእጅጉ ያንሳል። ጃፓኖች ራሳቸው «ሳኬ» የሚሉት የአልኮል መጠጥን ሁሉ ሲሆን፣ ይህን የሩዝ መጠጥ ለይተው ሲጠሩት «ኒሆንሹ» ይሉታል።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠላ ሲጠምቁ የኖሩት አክስቴ ግን ስሙም ጥራቱም አላስገረማቸውም። በፎገራ በኩል ሩዝ ለጠላ እንደሚውል ስለሚያውቁ የሩዝ መጠጥ ለእሳቸው አዲስ ነገር አይደለም። ስኒውን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ካሸተቱ በኋላ «ጌሾውስ ይቅር፤ ብቅሉ የታለ? ያለ ብቅል በምን ጣፈጠ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ስለ ሳኬ የሚነሣ አይመስለኝም። የብቅሉን ሥራ የሚሠራው ኮጂ የሚባል ሻጋታ ነው። በእንፋሎት የበሰለ ሩዝ ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ ተሰጥቶ የኮጂው ዘር እንደ ዱቄት ይነሰነስበታል፤ በሁለት ቀን ገደማ ሩዙ ነጭ ጸጉር አውጥቶ ጣፋጭ ሽታ ይሰጣል። ይህ ሩዝ ከሌላ የበሰለ ሩዝ፣ ከውኃና ከእርሾ ጋር ሲደባለቅ ኮጂው የሩዙን ስታርች ወደ ስኳር፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣሉ። ቢራ ሲጠመቅ የብቅሉ ስኳር አስቀድሞ ወጥቶ ከዚያ በኋላ ነው እርሾ የሚገባበት፤ በሳኬ ግን ሁለቱም ሥራ በአንድ ጋን ውስጥ በአንድ ጊዜ ስለሚካሄድ መጠጡ በመጨረሻ በውኃ ከመቅጠኑ በፊት የአልኮል መጠኑ እስከ 20 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ዩኔስኮ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በሰው ልጆች የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያሰፈረው ይህንኑ በኮጂ የመጥመቅ ጥበብ ነው። አክስቴ ይህን ሁሉ ሰምተው «ሻጋታ አጠጣኸን በለኛ!» አሉና ስኒያቸውን መልሰው ዘረጉ።

ወደ ጠርሙሶቹ ስመለስ፣ መጀመሪያ የከፈትነው ከአዲስ አበባው መደብር የተገዛውን ሲሆን እርሱም የከሰርኩበት ነው። ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ፣ ሽታው የከረመ ለውዝ የሚመስል፣ ጣዕሙም ጉሮሮ ላይ የሚመር ነበር። ስገዛው ፀሐይ በሚመታው መስኮት ላይ ተደርድሮ ማየቴ ትዝ አለኝ፤ በጀርባው ያለውን ጽሑፍ ልብ ብዬ ሳነበው ደግሞ ከታሸገ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወደ መደብሩ ስደውል የተሰጠኝ መልስ «መጠጥ ሲቆይ ነው የሚጣፍጥ» የሚል ሆነ። ሆን ተብለው እንዲከርሙ የሚጠመቁ ጥቂት ዓይነቶች ቢኖሩም፣ የተለመደው ሳኬ ግን ከታሸገ በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ ቢጠጣ የሚሻል፣ ብርሃንና ሙቀት የሚያበላሹት መጠጥ ነው። ጀማሪ ጠርሙሱን ሲያነሣ ከስሙም ከዋጋውም በፊት ሊያየው የሚገባው ይህን የታሸገበትን ወርና ዓመት ነው። አክስቴ የተረፈውን አልደፉትም፤ ዓሣ ከመጥበሳቸው በፊት አሹበትና የዓሣውን ጠረን ደህና አድርጎ አጠፋላቸው።

ሁለተኛው በያማጉቺ አውራጃ የሚጠመቀው ዳሳይ 45 ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው ሩዙ ተፈግፍጎ የቀረውን መጠን ነው፤ ይኸውም የእያንዳንዱ ፍሬ 55 በመቶ በዱቄት መልክ ተነሥቶ 45 በመቶው ብቻ ተጠምቋል ማለት ነው። በፍሬው ውጫዊ ክፍል ያለው ስብና ፕሮቲን ጣዕሙን ስለሚያከብደው፣ ሩዙ በተፈገፈገ መጠን መጠጡ እየቀለለና የፍራፍሬ ሽታ እያወጣ ይሄዳል። የቀረው 60 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ጊንጆ፣ 50 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ዳይጊንጆ ይባላል። ዳሳዩን ከማቀዝቀዣ አውጥተን ስንቀዳው የበሰለ ኮክ የሚመስል ሽታ ገና ከስኒው አፍ ላይ ተቀበለን። የመጀመሪያው ስኒ በእውነት ድንቅ ነበር። ነገር ግን ምግብ ሲቀርብ ጣዕሙ ጠፋ፤ ሦስተኛው ስኒ ላይም ያ ሽታ ሰለቸኝ። ለእንግዳ መቀበያ እንጂ ለማዕድ የሚሆን አይደለም፤ ዋጋውም ከሦስተኛው ጠርሙስ በብዙ ይበልጣል።

ሦስተኛው፣ በኮቤ ከተማ ናዳ በሚባለው የጠማቂዎች ሰፈር ከ1743 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ የሚሠራው ሃኩትሱሩ የተባለው ጠማቂ ቤት ጁንማይ ነው። ጁንማይ ማለት ከሩዝ፣ ከኮጂና ከውኃ ውጪ ተጨማሪ አልኮል ያልገባበት ማለት ነው። ቀዝቅዞ ሲቀመስ ደረቅና ዝምተኛ ስለሆነብን ልናልፈው ነበር። ጃፓኖች ግን ሳኬን እንደ ሙቀቱ ልክ በተለያየ ስም ይጠሩታል፤ በ40 ዲግሪ ገደማ የሞቀው ኑሩካን፣ በ50 ዲግሪ ገደማ የሞቀው አትሱካን ይባላል። እኛም የአዘዞን የማታ ብርድ ምክንያት አድርገን ለማሞቅ ተነሣን። ለዚህ የሚሆነው አንገተ ቀጭን የሸክላ ዕቃ ስላልነበረን በብርሌ ቀድቼ የፈላ ውኃ ውስጥ ብነክረው «ቷ» ብሎ ተሰነጠቀ፤ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ እንዲሉ፣ ያ የአክስቴ ብርሌ ዛሬ ከአገልግሎት ውጪ ነው። በሁለተኛው ሙከራ ውኃውን ከእሳት አውርጄ ጥቂት ካበረድኩት በኋላ ሳኬውን በወፍራም ጠርሙስ ለአራት ደቂቃ ያህል አስቀመጥኩት። ያው መጠጥ ሌላ ሆኖ ወጣ። አዲስ የበሰለ ሩዝ ሸተተ፤ ምላስ ላይም እንደ ጥሩ መረቅ ያለ ሙላት አሳየ። ከጎርጎራ ከመጣው ቆሮሶ ጥብስ ጋር ሲጠጣ የዓሣውን ጨው እየጠራረገ ለሚቀጥለው ጉርሻ አፍን ያሰናዳል። በሦስተኛው ምሽት ከቀረበው ዶሮ ወጥ ጋር ግን አልሆነም፤ በርበሬው ፊት የሚቆም ሳኬ ከሦስቱ አንዱም የለም።

ስለ መጠጫው መጨነቅ አያስፈልግም። እጀታ የሌለው የቡና ስኒያችን ከጃፓኖቹ ኦቾኮ ጋር በቅርጽ እጅግ ይቀራረባል፤ የቡና ሽታ እንዳይኖረው ብቻ በሙቅ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። በእነርሱ ባህል ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ አጠገቡ ያለው ይቀዳለታል። ይህን ለአክስቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም፤ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ማንም ጠርሙሱን እንዲነካ አልፈቀዱም ነበርና።

ከሃኩትሱሩው ሲሶ ያህሉ ተርፎ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ከተከፈተ ስምንት ቀኑ ስለሆነ ጣዕሙ ሳይለወጥ በዚህ ሳምንት እንጨርሰዋለን። የአክስቴ ልጅ በድጋሚ ሲሄድ ሁለት የሞቀ የሚጠጣ ጁንማይ እንዲያመጣ፣ ከመክፈሉም በፊት የታሸገበትን ወር ፎቶ አንሥቶ እንዲልክልኝ ነግሬዋለሁ። አክስቴ ደግሞ ሳይጠራ ነጭ እንደሆነ የሚታሸግ ኒጎሪ የሚባል ዓይነት እንዳለ ሲሰሙ «እንግዲያው ጉሽ አላቸው!» ብለው ለራሳቸው አንድ አዝዘዋል።